የእመት ቢዛንታይን የሕይወት ታሪክ

ሟች እመት ቢዛንታይን ከአባታቸው ከንጉሥ ቆስጠንጢኖስ፣ በመስቀል ደመራ ለምናነሣት ለእሌኒ የልጅ ልጅ ሆነው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ330 ዓ.ም. በቁስጥንጥንያ ተወለዱ። በተወለዱ በ1123 ዓመታቸው፣ ሜይ 29 ቀን 1453፣ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ያለ ዕድሜያቸው ተቀጠፉ ለማለት ምላስ ይተሳሰራል።

ሕግ ማሰባሰባቸውን፣ አያ ሶፍያን በአምስት ዓመት አንጸው በ537 ማስመረቃቸውን አልዘረዝርም፤ ለቀባሪ ማርዳት ይሆንብኛል። ያቺን አመላቸውን ግን እንዴት ብዬ ልለፋት? ዓይን ማውጣታቸውን! አካሉ የጎደለ አይነግሥምና፣ በግቢያቸው ዘመድ ከዘመድ ሲጣላ ሽማግሌ አይላክም፤ ብረት ይጋላል። በ797 ንግሥት ኢሬን የገዛ ልጇን፣ ያውም በወለደችበት ክፍል፣ ዓይኑን አስወጣችው። “ዓይኔ” እያለች አሳድጋው ከሆነ፣ የራሷን ወሰደች እንጂ ምን አጠፋች?

ስለ አሟሟታቸው ብዙ ይወራል። የ1453ቱ መድፍ ቀባሪ ነው፤ ገዳይ አይደለም። ገዳዩ በ1204 መስቀል አንጠልጥሎ፣ “የክርስቶስ ወንድምሽ ነኝ” ብሎ ገብቶ ጓዳቸውን ያራቆተው ነው። ስም አልጠራም። የዘረፋቸው አራት የነሐስ ፈረሶች አልተመለሱም፤ ዛሬም ጎብኚ ያያቸዋል። ሟች በ1261 ቤታቸውን ቢያስመልሱም አቅማቸው አልተመለሰም።

ዕድሜ ልካቸውን “ሮማዊት ነኝ” እንዳሉ አረፉ። “ቢዛንታይን” የተባሉት ከሞቱ በኋላ ነው፤ ለስሙ መንገድ የጠረገለት በ1557 የታተመ መጽሐፍ ነው። አውሮፓውያን ግሪክኛ መጻሕፍትን የተማሩት እሳቸው ከገለበጡት ብራና ነው፤ ስማቸውን ግን የተንኮልና የተወሳሰበ ቢሮክራሲ መሳደቢያ አደረጉት። ሟች ዓይን ያወጡ ነበር፤ እነዚህስ ራሳቸው ዓይን አውጣ ናቸው።

በሞታቸው ዋዜማ፣ ሜይ 28፣ ከ1054 ጀምሮ ተኳርፈው የኖሩት ግሪኩና ላቲኑ አያ ሶፍያ ውስጥ አብረው ጸለዩ። በማግስቱ የመጨረሻው ንጉሥ ከቅጥሩ ሲዋጋ ወደቀ። ስሙ ቆስጠንጢኖስ፤ የእናቱም ስም እሌኒ።

ለቀስተኛ ሆይ፣ ክብረ ነገሥት ዓለምን ለሁለት ከፍሎ ለእኛና ለእሳቸው ነገሥታት ሲያካፍል፣ የእሳቸውን “ንጉሠ ሮም” ነው ያለው። ሌላው ቢቀር እኛ በስማቸው እንጥራቸው፦ ሮም። ነፍስ ይማር።