ትጉሁ ሠራተኛ

የመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ተጠልፏል፤ ባለቤቶቹም ደጅ ቀርተዋል። «የይለፍ ቃሌን ረሳሁ» የሚለውን ቢጫኑ፣ ማደሻው የሚላከው ገጹን ሠርቶ ካናዳ ለገባው ልጅ ኢሜይል ነው። መጠባበቂያ ቅጂስ? አለ እንጂ! እዚያው የተጠለፈው ሰርቨር ላይ።

ገጹ በዎርድፕረስ የተሠራ ስለሆነ፣ ባለሙያ በዳታቤዙ በኩል ገብቶ የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል በደቂቃዎች ይቀይረው ነበር። ለዚህ ግን የሆስቲንጉ አካውንት ያስፈልጋል፤ እሱም በዚያው ልጅ ስም ነው። ስለዚህ ኮሚቴ ተቋቋመ። (አበሉ በዕለቱ ጸድቋል፤ ቅልጥፍና የለም ያለው ማነው?)

ጠላፊው ግን አይታማም። ለዓመታት አንድ ፊደል ያልተጨመረበትን ገጽ በአንድ ሌሊት አደሰው፤ «ዜና» የሚለው ዓምድ ስለ ቁማርም ቢሆን በየቀኑ ይጻፍበታል። ሌላ ሌባ እንዳይገባበት ያረጀውን ፕለጊን ጠግኗል፤ «አድሚን123» የሚለውን የይለፍ ቃልም ጠንከር ባለ ተክቶታል። ነገ ቢያባርሩት እንኳ የሚመለስባቸውን ድብቅ ፋይሎችና የአስተዳዳሪነት ሥልጣን የሰጣቸውን የሐሰት ስሞች አስቀምጧል። ኮሚቴው ይህን የሚደርስበት በሚቀጥለው በጀት ዓመት ይመስለኛል።

እኔን የሚሰማኝ ካለ፣ ሰውዬው በቋሚነት ይቀጠር። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።