አርባ ሁለት ከመቶ

ኃይል ማለት ቮልት ሲባዛ በአምፒር ነው። ይችን ቀመር በጋይንቷ ንፋስ መውጫ ከተማ ጥቁር ሰሌዳ ላይ መጻፍ ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ጽፌ ስጨርስ ጠመኔዬን አራግፌ ዞር እልና "ያልገባው እጁን ያውጣ" እላለሁ። እጅ ማውጣት የነበረብኝ እኔው እንደሆንኩ የታወቀኝ ለላፕቶፔ ፓወር ባንክ መግዛት ስጀምር ነው።

ላፕቶፔ ዴል ላቲቲዩድ ኢ6420 ነው። በፈረንጆች 2011 የወጣ ሲሆን እኔ ዘንድ የደረሰው ሁለት ሰው ከተገለገለበት በኋላ ነው። ባትሪው ቢበዛ ሃያ ደቂቃ ይቆያል። መብራት ሲሄድ አብሮ ባይሄድም ጫማውን ማሰር ይጀምራል። የፈተና ጥያቄ እየጻፍኩ፣ ሴቭ ሳላደርግ፣ ስንት ጊዜ ጥሎኝ እንደሄደ አልቆጥረውም። ስለዚህ ስንቅ ልያዝለት አልኩ።

የመጀመሪያውን ከገበያ ገዛሁ። ጀርባው ላይ 50,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ይላል። አጠገቡ 20,000 የሚል ነበረ፤ ዋጋው ግን ከዚህኛው ይበልጣል። ሌላ ሰው ቢሆን "ትንሹ ስለምን ተወደደ?" ብሎ ይጠይቅ ነበር። እኔ ግን የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ መምህር አይጠይቅም። ትልቁን ቁጥር በትንሹ ዋጋ አንስቼ፣ ነጋዴውን ያታለልኩት እየመሰለኝ፣ ፈጠን ፈጠን ብዬ ወጣሁ። የእጅ ባትሪም አለው።

ጉዱ የወጣው ስማዳ ወገዳ ለሥልጠና የወረድን ጊዜ ነው። ማታ ሪፖርት እየጻፍን መብራት ጠፋ። ባልደረቦቼ ሲያጉረመርሙ እኔ "አይዟችሁ" ብዬ ከቦርሳዬ አወጣሁት። አብሮት የመጣውን ገመድ አንዱን ጫፍ ፓወር ባንኩ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ላፕቶፑ ጎን ላይ ሰካሁ። ሰማያዊዎቹ መብራቶች ተራ በተራ ብልጭ ብልጭ ማለት ጀመሩ። "ይኸው፣ እየሞላ ነው" አልኩ። እውነት ነው፣ እየሞላ ነበር፤ የሚሞላው ግን ፓወር ባንኩ ነው። የዚያን ዘመን ላፕቶፕ ዩኤስቢ ኃይል ይሰጣል እንጂ አይቀበልም፤ በዚያ ቀዳዳ ማጉረስ አይቻልም። ሃያ ደቂቃ ይቆይ የነበረው ላፕቶፕ በአሥራ አምስት ተዘጋ። ሪፖርቱን በወረቀት ጻፍነው። የምንጽፍበትን ብርሃን የሰጠን የዚያው የፓወር ባንኩ የእጅ ባትሪ ስለነበር፣ እኔ እስከ ዛሬ "ጠቅሞናል" ስል እከራከራለሁ።

የቻርጀሬ ጀርባ ላይ 19.5 ቮልት ተብሎ ተጽፏል። የፓወር ባንኩ ላይ ደግሞ 5 ቮልት። "ውሃ ከጉድጓድ ወደ ጉና ተራራ ይወጣል ወይ?" እያልኩ ልጆች የማስቀው እኔ ነኝ። ሁለቱን ጽሑፍ ጎን ለጎን አድርጎ ማንበብ ግን መነጽር ማውጣት ይጠይቃል፤ መነጽር ማውጣት ደግሞ ነጋዴው ፊት አለማወቅ ይመስላል።

ተመልሼ ስመጣ ሌላ ጥርጣሬ ያዘኝ። እንዲህ ባለ ዕቃ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚደረደረው ጣት የሚያህል የሊትየም ባትሪ ነው። አንዱ 45 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ የተለመደው ዓይነት 2,600 ሚሊ አምፒር ሰዓት አካባቢ ይይዛል። 50,000 ለማምጣት ሃያ ያህል ያስፈልጋል፤ ይህም ሳጥኑ ሳይቆጠር ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ነው። በርበሬ ወደምትሸጥ ደንበኛዬ ሄጄ ሚዛኗ ላይ አስቀመጥኩት። ከሩብ ኪሎዋ ድንጋይ ጥቂት ብቻ አለፈ።

"ምንድን ነው መምህር?" አለችኝ።

"የመብራት ማጠራቀሚያ ነው።"

"በኪሎ ነው የገዙት?" ስትለኝ ዝም አልኩ። "እንዲያማ ከሆነ በርበሬ ይሻልዎት ነበር።"

እዚህ ላይ አንድ ሌላ ኃጢአት ልናዘዝ። የድጓ ዜማ የሚመሰከርበት ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰከርበት ዙር አምባ፣ ሁለቱም በዚሁ በጋይንት ምድር ናቸው። መንገድ ላይ የቆሎ ተማሪ ባየሁ ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ። እሱ ደበሎውን ለብሶ አኩፋዳውን አንግቶ ያን ሁሉ ዜማ በቃሉ ይዞ ይሄዳል። እኔ ሠላሳ የምርጫ ጥያቄ መያዝ አቅቶኝ በአንድ እጄ ላፕቶፕ፣ በሌላው የላፕቶፕ ስንቅ ተሸክሜያለሁ። ስንቁም ባዶ ነው።

ሁለተኛውን ባሕር ዳር የሚሄድ ዘመዴን አስገዛሁት። አሁን ብልህ ሆኛለሁ፤ ታይፕ ሲ ያለው፣ 20 ቮልት በ3.25 አምፒር፣ ማለትም 65 ዋት የሚያወጣ። ከታይፕ ሲ ወደ ዴል ክብ ሶኬት የሚቀይር ገመድም አለ ተባልኩ። ሁለት ዓይነት ነው፤ ርካሽና ውድ። የትኛውን እንዳስገዛሁ መናገር ያስፈልጋል?

ላፕቶፑ ተከፈተ። ደስታዬ ግን ዕድሜ አልነበረውም። የቻርጀሩን ዓይነት ማወቅ አልቻልኩም የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ፤ ባትሪው አልሞላ አለ፤ ማሽኑም ጭነት እንደያዘ አህያ መጎተት ጀመረ። አንድ ፊደል ስነካ ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ይጻፋል። እኔም ቫይረስ ነው ብዬ ፈረድኩ። ሦስት ቀን ሙሉ ፎርማት ሳደርግ ከረምኩ። በመካከሉ ፓወር ባንኩን መስኮት ላይ አሳድሬው ውርጭ መታው። ንፋስ መውጫ ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው ያለነው። ሊትየም በብርድ አቅሙ እንደሚቀንስ፣ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ ሲሞላ ደግሞ እንደሚጎዳ አውቃለሁ። ማወቅማ ሁሉንም አውቃለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከትምህርት ቤታችን ብዙም ሳይርቅ የሞባይልና የላፕቶፕ ጥገና ቤት አለ። ባለቤቱ ተማሪዬ ነበር። ፊዚክስ አርባ ሁለት ከመቶ የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ "አንተ ልጅ ከመብራት ጋር ምንም የሚያገናኝህ የለም" ያልኩትም እኔ ነኝ። በነዚህ ወራት ሁሉ በሱ ሱቅ በኩል ላለማለፍ በላይኛው መንገድ እዞር ነበር። ከሚያውቀው ከመጠየቅ ከማያውቀው መግዛት ቀሎኝ ነው።

በመጨረሻ ጀምበር ስትጠልቅ ገባሁ። ከወንበሩ ብድግ አለ።

"ቲቸር! ይግቡ፣ ይቀመጡ።"

ዕቃዎቼን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩ። አንድ በአንድ አየ፤ ባለ 50,000ውን ሲያነሳ ከንፈሩን ነከሰ እንጂ አልሳቀም። ከዚያ የዴሉን ቻርጀር ጫፍ ወደ አምፖሉ አዞረና ክቡ ቀዳዳ መሐል ያለችውን ቀጭን መርፌ አሳየኝ። "ላፕቶፑ በዚች ነው መታወቂያ የሚጠይቀው። ቻርጀሩ ውስጥ ትንሽ ቺፕ አለች፤ 'ዴል ነኝ፣ ይህን ያህል ዋት ነኝ' ትለዋለች። የእርስዎ ገመድ መርፌዋ አለችው፣ ቺፗ የለችውም። መታወቂያ የሌለውን እንግዳ ቤት ያስገባዋል እንጂ አያምነውም።"

ውዱ ገመድ ቺፗ ነበረችው።

ቀጥሎ የካርቶን ጀርባ ስቦ ጻፈ፦ 19.5 × 3.34 = 65። ከሥሩ ደግሞ ለሁለተኛው ፓወር ባንክ፦ 20,000 ሲካፈል ለ1,000፣ ሲባዛ በ3.7፣ 74 ዋት ሰዓት። "ከዚህ በመቀየር የሚባክነውን ይቀንሱና ስልሳ ይበሉት። ሲጽፉ ላፕቶፑ ሃያ ዋት ገደማ ቢበላ ሦስት ሰዓት ያቆይዎታል። ባትሪውንም ብንቀይረው ጥሩ ነው፤ እሱ ያለ ምንም ገመድ ይገባል።" ቀና ብሎ አየኝና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ይችን እኮ እርስዎ ነዎት ያስተማሩን።"

ገመዱን ቀየረልኝ። ገንዘብ አልቀበልም አለ፤ እኔም ብዙ አልለመንኩትም።

በማግሥቱ መብራት ሲጠፋ መምህራን ክፍል ውስጥ የኔ ላፕቶፕ ብቻ ቀረ። እንዴት ብለው ጠየቁኝ። የቻርጀሩን መርፌ ወደ መስኮቱ አዙሬ ስለ መታወቂያው አስረዳኋቸው፤ ስለ 74 ዋት ሰዓቱም አሰላሁላቸው። ከየት እንደሰማሁት አልተናገርኩም። አሁን ከእስቴ ሳይቀር ሰው እየላከ "መምህር፣ ለዚህ ላፕቶፕ የቱ ፓወር ባንክ ይሆናል?" ይለኛል። "እስኪ ቻርጀሩን ተውልኝና ልመርምረው" እላለሁ። ሲመሽ ቻርጀሮቹን በጋቢዬ ሥር ደብቄ፣ በላይኛው መንገድ ዞሬ፣ ወደ ሱቁ እገባለሁ።