ከልጅ ጋር ባሕር ማዶ

የ13 ዓመት ልጅ ይዞ ባሕር ማዶ የሚሄድ ሰው፣ ማን ማንን እንደያዘ የሚያውቀው አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላ ነው። ደብረ ታቦር እያለን ጎረቤት ለመሄድ የምታስፈቅደኝ ልጅ፣ ለንደን ሂትሮው ስንደርስ ፓስፖርቴን ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «አንተ ትጥለዋለህ፣ አባዬ።»

መጀመሪያ የመጣብን የቅቤ ጣጣ ነው። ባለቤቴ ለንደን ላለችው እህቷ የፋርጣን ቅቤ በኮረሪማና በኮሰረት አንጥራ፣ በላስቲክ ላይ ላስቲክ ደርባ ሻንጣው መሃል ቀብራዋለች። እንግሊዝ ደግሞ ከእኛ አገር የሚሄድ የወተት ተዋጽኦ አታስገባም። ሻንጣው ሲከፈት ሽታው አካባቢውን አወደው። ፈታሹ ምንነቱን ሲጠይቀኝ እንደ ምንም «ቅመም» ለማለት እየተንተባተብኩ ሳለ፣ ልጄ ቀደም ብላ ላሟን ከማለብ ጀምራ እስከ ማንጠሩ በእንግሊዝኛ አስረዳችው። ምን ያደርጋል፣ አሳምራ ስላስረዳችው ወሰደው!

«እውነቱን ነው የነገርኩት» አለችኝ። አትዋሺ እያልኩ ያሳደግኳት እኔ፣ ምን ልበላት?

የእኔ ጉዳይ ዊንዘር ነበር። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ዓለማየሁ የተወለደው በ1853 ዓ.ም. እኛው ከተማ፣ ደብረ ታቦር ነው። በ1860 መቅደላ ሲወድቅ እንግሊዞች ወሰዱት፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ መንገድ ላይ አረፉ። እሱም በ1872፣ በ18 ዓመቱ ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ። አጽሙ ይመለስ ቢባል የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2015 አይሆንም አለ። እንግዲህ ያገር ልጅ ነውና ሄደን እንጠይቀው ብዬ፣ ስላው ላይ ባቡር ቀይረን ደረስን።

ለካ እሑድ ኖሯል! እሑድ እሱ የተቀበረበት ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ለጸሎተኛ እንጂ ለጎብኚ አይከፈትም። ዘበኛውን «ከጉና ተራራ ሥር ነው የመጣሁት» ልለው ስዘጋጅ፣ ልጄ ነጠላዋን ከቦርሳዋ አውጥታ ተከናነበችና «ለጸሎት ነው» አለችው። ገባን። ቅቤው ላይ የት ሄዳ ነበር ይቺ ብልሃት?

በንግሥት ቪክቶሪያ ትእዛዝ ለዓለማየሁ የተሠራውን የመታሰቢያ ጽሑፍ ለመፈለግ አንገቴን ባሰገግኩ ቁጥር በክርኗ ትጎስመኛለች። ስንወጣ ጠየቀችኝ።

«ለእሱስ ማን ያስተረጉምለት ነበር?»

«ካፒቴን ስፒዲ የሚባል አማርኛ የሚያውቅ እንግሊዛዊ። በኋላ ግን ለያዩዋቸው።»

«ከዚያስ?»

«አዳሪ ትምህርት ቤት አስገቡት።»

ቀና ብላ አየችኝ። በመስከረም አዲስ አበባ አዳሪ ትምህርት ቤት ላስገባት ከእናቷ ጋር የተመካከርነውን፣ መመለሻችን ላይ ልነግራት ነበር። ስለ ባቡሩ ሰዓት ጠየቅኳት።