የሌሊት ወፍን ወፍ የማድረጊያ መንገድ

አንድ ልጅ ስለ ሕያዋን ነገሮች ብዝኃነት ለዓመታት ተምሮ ምንም ሳይገባው እንዲቀር ከተፈለገ መንገዱ ቀላል ነው። ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ደብተሩን አስወጡት፤ ዓሣ፣ እንቁራሪት አስተኔ፣ ገበሎ አስተኔ፣ አዕዋፍ፣ አጥቢ ብላችሁ ምድቦቹን ደርድሩለት፤ በየሥሩ ሦስት ሦስት ምሳሌ ጨምሩና «በቃልህ ያዝ» ብላችሁ በሩን ዝጉበት። ይህ የሚደረገው በክፋት አይደለም። የስድስተኛ ወይም የስምንተኛ ክፍል ፈተና የደረሰበት ልጅ ያለው ወላጅ ተጨንቆ፣ ከእንቅልፉ ቀንሶ የሚያደርገው ነው። በፍቅር የሚሠራ ስህተት ደግሞ ማንም ስለማይቆጣው ከዓመት ዓመት ይሻገራል። ሽምደዳ ልጁን ሰነፍ አያደርገውም፤ ትጋቱን ነው የሚበላበት። ምድብ ማለት «ይህን ከዚያ ምን ለየው?» ለሚል ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው፤ ጥያቄውን ያልሰማ ልጅ መልሱን ቢሸመድደው የሚይዝበት እጀታ የለውም።

ሁለተኛው እርምጃ ስሙ እንዲፈርድ መተው ነው። አማርኛ በዚህ ረገድ ወጥመዱ ብዙ ነው። የሌሊት ወፍ ስሟ ወፍ ይላል፣ ትበራለችም፤ ስለዚህ ልጁ ከአዕዋፍ ጋር ይመድባታል። ማንም ግን ክንፏን ቀረብ ብሎ እንዲያይ፣ ሥዕልም ቢሆን፣ አላደረገውም። ላባ የላትም። ክንፍ የምንለው እጅግ በረዘሙ የእጅ ጣቶቿ መካከል የተወጠረ ስስ ቆዳ ነው፤ አውራ ጣቷ ብቻ አጭር ሆና ከላይ እንደ መንጠቆ ትታያለች። ገላዋ ፀጉር ለብሷል፤ ግልገል ወልዳ ታጠባለች። ይህን አንድ ጊዜ ያየ ልጅ አጥቢ መሆኗን ለመሸምደድ ሌሊት አያድርም። ዓሣ ነባሪም እንዲሁ ነው፤ ስሙ ዓሣ ቢልም በሳንባ ይተነፍሳል፣ ልጁን ያጠባል። እዚህ ላይ የተሳሳተ ልጅ ሊናቅ አይገባም። የዘመናዊ አመዳደብ አባት የሚባለው ካርል ሊኔየስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1735 ባሳተመው ሥራው ዓሣ ነባሪን ከዓሦች ጋር አስቀምጦት ነበር። ወደ አጥቢዎች ያዛወረው በ1758 እትሙ ነው። ያረመው መልኩን ትቶ አፈጣጠሩን በማየት ነው፤ ልጁም የሚያስፈልገው ይኸው ዕድል ነው። እንጉዳይንም ከመሬት ስለበቀለ ብቻ ዕፅዋት ውስጥ የሚጨምረው ተማሪ ብዙ ነው፤ አረንጓዴ ሐመልማል እንደሌለውና ምግቡን ራሱ እንደማያዘጋጅ ጠይቆ ቢሆን ፈንገስ ለምን ለብቻው እንደተመደበ ይገባው ነበር።

ሦስተኛው እርምጃ ወጥ ቤቱን መዝጋት ነው። አንድ ክክ እና ሁለት ክክ ዕፅዋት የሚለውን ርዕስ ልጁ ከመጽሐፍ ብቻ እንዲያነብ አድርጉ፤ ክክ ወጥ በልቶ ያደገ መሆኑን ማንም አያስታውሰው። ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ያደረ ባቄላ ቆዳው በጥፍር ሲገፈፍ ሁለት እኩል ገጽ ሆኖ ይከፈታል፤ በጠርዙ በኩል ጠምዘዝ ያለች፣ ነጣ ያለች ቡቃያ ተጣብቃ ትገኛለች። በቆሎ ግን እንዲህ አይከፈልም። ጠላ በሚጠመቅበት ቤት ደግሞ ብቅልና በቆልት ጎን ለጎን ሲታዩ ትምህርቱ የበለጠ ይጎላል፤ ገብሱ ከሥሩ ብዙ ቀጫጭን ክሮችን በአንድ ጊዜ ያወጣል፣ ባቄላው አንድ ወፍራም ሥር ወደ ታች ይልካል። የጤፍ ቅጠል ጅማቶች ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ የባቄላው እንደ መረብ ይጠላለፋሉ። ገንዘብ አይጠይቅም፣ ቤተ ሙከራም አይጠይቅም። የአገራችን ልጅ ይህን ያህል ሀብት እጁ ላይ እያለ የማያውቀውን ዛፍ ሥዕል እየገለበጠ ሲደክም ማየት ያሳዝናል።

አራተኛው ደጋግሞ ማስነበብ፣ ፈጽሞ አለመጠየቅ ነው። ደብተሩን አራት ጊዜ ያነበበ ልጅ ያወቀ ይመስለዋል፤ ገጹ ተለምዶታልና። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ይህንኑ ፈትነውታል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት በልጠው ተገኙ፤ ከሳምንት በኋላ ግን አንብበው ጽሑፉን ዘግተው ያስታወሱትን ለመጻፍ የሞከሩት በለጧቸው። የተፈተኑት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለሆኑ ለሕፃን አይሠራም የሚል ሊኖር ይችላል፤ ሆኖም ፈተና የሚመጣው ካነበቡ ከአምስት ደቂቃ በኋላ አለመሆኑ ለትልቅም ለትንሽም አንድ ነው።

«ፈተናው ምርጫ ነው፤ ጊዜም የለም፤ ክፍሉም በተማሪ ተጨናንቋል» የሚለው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። መምህሩ ለእያንዳንዱ ልጅ ባቄላ ይዞ ሊዞር አይችልም። ስሞቹም ቢሆኑ በቃል መያዝ አለባቸው፤ ገበሎ አስተኔ የሚለውን ቃል ማንም አስቦ አይደርስበትም። ነገር ግን ምርጫ ፈተና ራሱ «ከሚከተሉት ውስጥ የሚለየው የቱ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ የሚለካው መለያውን ነው፤ በደብተሩ ያልተጻፈ እንስሳ ሲመጣ ሽምደዳ ጥሎት ይሄዳል። ጊዜን በተመለከተም፣ ሃያ ስም በየተራ ከመሸምደድ አምስት መለያ ይዞ ሃያውን በራስ መደልደል ያሳጥራል። ሳይንስ ያልተማረ ወላጅም ከዚህ ሥራ ውጪ አይደለም፤ «በምን አወቅክ?» ብሎ ለመጠየቅ መልሱን ማወቅ አያስፈልግም።

የመጨረሻው እርምጃ ልጁ ሲሳሳት ትክክለኛውን ነግሮ ማለፍ ነው። ሸረሪትን ከነፍሳት ጋር ከጻፈ ሰርዙና ሌላ ቦታ ጻፉለት፤ እሱም ይገለብጠዋል፣ ለምን እንደሆነ ግን ሳያውቅ ይቀራል። ማዕዘን ላይ ድሯን አድርታ የተቀመጠች ሸረሪት ግን በየቤቱ አለች። ነፍሳት ስድስት እግር እንዳላቸው ካወቀ ወስዳችሁ ቁጠር በሉት። ስምንት ይቆጥራል፤ ስህተት የሆነበት መስሎት እንደገና ይቆጥራል፤ ከዚያ ተመልሶ ደብተሩን ራሱ ይሰርዛል።