ልጅ አይግባ፤ ሱቅ በደረቴስ?

ለአማራ ክልል የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ በሚቀጥለው ወረርሽኝ ልጆች ሱቅ እንዳይገቡ ስለመከልከል

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እጅ አልጨብጥም፤ በ2012ቱ የኮሮና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ተከልክሎ ነበርና ልማዱ አለቀቀኝም።

“ወረርሽኝ ከመጣ ልጅ ሱቅ አይግባ” የሚለውን ሐሳብ እኔም እደግፋለሁ። ልጅ አፍንጫውን በእጁ ይጠርጋል፤ ያየውን ሁሉ ይነካካል፤ ማስኩንም አገጩ ላይ ያንጠለጥላል። (አዋቂውም እንዲሁ ያደርግ ነበር፤ እሱ ግን ግብር ከፋይ ነው።)

የቸገረኝ አፈጻጸሙ ነው። በእኛ ሰፈር መጀመሪያውኑ ሱቅ የሚገባ የለም። ባንኮኒ አለ፣ የብረት ፍርግርግ አለ፣ ገዢ ውጭ ይቆማል። ቁመቷ ባንኮኒው ላይ ያልደረሰ ልጅ እንጨቱን በሳንቲም ቆርቆር አድርጋ “ሱቆች!” ትላለች፤ ባለሱቁ የሚያየው የተዘረጋውን ብር ብቻ ነው። ዘይቷን ይዛ ትሮጣለች። አጠገቧ ሦስት ጎልማሶች ባንኮኒውን ተደግፈው ከምሳ ጀምሮ ፖለቲካ ይተነትናሉ፤ አንዳቸውም ክብሪት እንኳ አልገዙም። ማንኛቸው ይከልከሉ?

መጋቢት 7 ቀን 2012 ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆች ቤት ዋሉ። መጋቢት 22 ደግሞ ባሕር ዳር ለ14 ቀን እንቅስቃሴ ተገደበባት። ሳሙና ሲያልቅ ማን ይላክ እንደነበር ለእናንተ አልነግራችሁም። በዚያው ሰሞን በስፔን ውሻ ይዞ መውጣት ሲፈቀድ፣ ከ14 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ስድስት ሳምንት ያህል ቤት ተቆልፎባቸዋል። እኛ ያን ያህል አልሠለጠንም፤ ውሻውም ልጁም ውጭ ነው።

ከሁሉ የከበደኝ ሱቅ በደረቴው ነው። ጣና ዳር ካርቶን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ማስቲካ፣ ሶፍት፣ ሲጋራ በፍሬ የሚሸጠውን ልጅ “ከሱቅ ውጣ” ብንለው ከየት ይውጣ? ሱቁ ደረቱ ላይ ነው! ደግሞስ “ማስክ አድርጉ” ስትሉን መንገድ ላይ ማስኩን የሸጡልን እነሱ አልነበሩም? ያኔ ዕድሜያቸውን የጠየቀ ደንበኛ አላየሁም፤ ዋጋውን ግን ሁላችንም ተከራክረናል።

ስለዚህ መመሪያው ሲረቀቅ አንድ አንቀጽ እንዲጨመርልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ፦ ልጅ ሱቅ እንዳይሄድ የሚፈልግ አዋቂ፣ ራሱ ይሂድ፤ ገዝቶም ቶሎ ይመለስ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የከተማው ነዋሪ

ግልባጭ፦
ባንኮኒ ለተደገፉ ጎልማሶች