የምድር ቤት መስኮት አጠጋገን፤ ለሚቸኩሉ ባለቤቶች የተሰጠ ምክር

ጌታዬ፣ በአምባ ጊዮርጊስ ያለው የአባትዎ ቤት የምድር ቤት መስኮት፣ የወገራ ደጋ ዝናብና ጉም በየክረምቱ ሲያርሰው ኖሮ መቃኑ እንደ በሰበሰ ባዩ ጊዜ፣ ከሁሉ አስቀድመው ውሃው ከየት እንደሚመጣ ከመመርመር ይቆጠቡ። የተቀደደው አሸንዳም ሆነ ከዳገቱ ወርዶ የመስኮቱን ደፍ የቀበረው ደለል ባለበት ይኑር።

ቀጥሎ ስቱኮ ይግዙ። ጤነኛው እንጨት እስኪገኝ ድረስ ብስባሹን በመሮ መጥረብ የትዕግሥተኞች ሥራ ስለ ሆነ፣ እርስዎ ጣት የሚያሰርገውን ብስባሽ ሳይነኩ በስቱኮ ደፍነው፣ በላዩ አረንጓዴ የዘይት ቀለም ደርበው፣ ለሚያዝያ 23 የጊዮርጊስ በዓል ዘመድ ይጥሩ። ርጥበቱ ከመቶ 20 እጅ ያለፈ እንጨት ሻጋታ ያበቅላል የሚልዎትን አይስሙ፤ የተቀባ ነገር ሙስና አያገኘውም። ስቱኮው በሐምሌ ሲሰነጠቅ ሌላ ስቱኮ ይጨምሩበት። መቃኑ ሲላወስ ምስማር ይምቱበት፤ ምስማሩ ሲላወስ ደግሞ ከእርሱ የሚረዝም ይፈልጉ።

አንተ ሰው! አባትህ ከጥድ ልብ አስጠርቦ ያቆመውን መቃን፣ ሬሳ በከፈን እንደሚሸፈን በቀለም ትሸፍነዋለህን? ደለሉን መዛቅ፣ ደፉን ወደ ውጭ ማዘንበል፣ ከሥሩም ውሃ የሚያንጠባጥብ ጠባብ ቦይ በመሮ ማውጣት ይህን ያህል ከባድ ነበርን?

ይቅርታ ያድርጉልኝ ጌታዬ፤ ወደ ምክሬ ልመለስ። እንጨቱን መለወጥ ግድ ከሆነብዎ፣ ትናንት የተቆረጠ እርጥብ ባሕር ዛፍ ዛሬ ተልጎ ዛሬውኑ ይገጠም፤ ደርቆ ሲጣመም በሚከፈተው ስንጥቅ ጨርቅ ይወትፉበት።

በመጨረሻም በመቃኑ ዙሪያ ያለውን የጭቃ ምርግ ፍቀው በሲሚንቶ ይለስኑት። በ1628 ዓ.ም. ግድም ጎንደርን የቆረቆሩት ዐፄ ፋሲለደስ ግንባቸውን በኖራ ማሠራታቸው፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን በሲሚንቶና በኮንክሪት የተደረገው የግንቦቹ ጥገናም ኋላ በኖራ እንዲታረም ግድ መሆኑ፣ የነገሥታትን ግንብ እንጂ የእርስዎን የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ አይመለከትም። ሲሚንቶው የግድግዳውን ርጥበት መውጫ ነሥቶ ወደ አዲሱ መቃን ሲመልሰው፣ በተከታዩ ክረምት አናጢውን አስጠርተው፣ ጎረቤት በተሰበሰበበት፣ «የዘመኑ እንጨት አይረባም፤ የዘመኑ አናጢም እንዲሁ» ብለው ይዝለፉት፤ ከዋጋውም ግማሹን ያስቀሩበት።