ስለ መኪና አልባ ተማሪዎች ጉዞ የወጣ አዋጅ

ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማው አሰማ! በመናኸሪያ ያለህ፣ በጣቢያ የቆምህ፣ በየቤትህ ሻንጣ ላይ ተቀምጠህ ዚፕ የምትዘጋ ሁሉ ጆሮህን ስጥ። እኛ የመናኸሪያው አግዳሚ ወንበር የበላይ ጠባቂ፦

የምደባው ኮምፒውተር የአዲስ አበባውን ልጅ ሐረማያ፣ የሐረማያውን ጎንደር፣ የጎንደሩን አርባ ምንጭ የሚልክበት ምሥጢር ከሰው አእምሮ በላይ በመሆኑ፤

የኮምፒውተሩ ሥራ መመደብ እንጂ ማድረስ ባለመሆኑ፤

የጥሪ ማስታወቂያው ጉርድ ፎቶግራፉን፣ አንሶላውን፣ ብርድ ልብሱን፣ የትራስ ልብሱንና የስፖርት ትጥቁን አንድ በአንድ ቆጥሮ፣ ተማሪው ይህን ሁሉ ተሸክሞ በምን እንደሚመጣ ግን ብዙውን ጊዜ ስለማያነሳ፤

ከአዲስ አበባ እስከ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ያለው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ መንገድ በምርቃት ብቻ የማያልቅ ሆኖ በመገኘቱ፤

በእናቶች ስንቅና በአባቶች ብድር በተሰጠን ሥልጣን መሠረት የሚከተለውን አውጀናል።

አንቀጽ 1፦ ትርጓሜ

«መኪና አልባ ተማሪ» ማለት ራሱም አባቱም መኪና የሌላቸው፣ መኪና ያለው አጎት ቢኖረውም በጉዞው ሰሞን ስልኩ የማይነሳለት ሰው ነው። በዚህ አዋጅ «ሻንጣ» ተብሎ የተገለጸው ማዳበሪያንና ፌስታልንም ይጨምራል።

አንቀጽ 2፦ ስለ አውቶቡስ

ተጓዡ ሌሊት 10 ሰዓት መናኸሪያ ይገኛል። አውቶቡሱ የሚነሳው ከነጋ በኋላ ቢሆንም ሌሊት 10 ሰዓት መገኘት ግዴታ ነው፤ ለምን ብሎ የጠየቀ ወንበሩን ያጣል። ሻንጣ የሚሰቅለው ጫኝ ዋጋውን የሚናገረው ሻንጣው ጣሪያ ላይ ከወጣ በኋላ ሲሆን፣ ክርክሩ ከታች ወደ ላይ በጩኸት ይካሄዳል። ዳቦ ቆሎና በሶ ጣሪያ ይወጣሉ። ጭኮ ግን ጭን ላይ ይቀመጣል፤ አዋሽ ሲደርስ መቅለጡ አይቀርም።

ወደ ሐረማያ የሚሄደው አውቶቡስ እስከ አዳማ በክፍያ መንገዱ ይከንፋል። ይህን ያየ ተማሪ እናቱ ጋ ደውሎ «እንዲህማ ከሆነ በጊዜ እንገባለን» እንዳይል ተከልክሏል። ከአዳማ ወዲያ መንገዱ የጅቡቲ ተሳቢዎች ርስት ነው፤ መተሐራን አልፎ አዋሽ ላይ መንገዱ እስኪለያይ ድረስ ጭሳቸውን እየማጉ መከተል ነው። ከዚያ የጨርጨር ዳገት፣ አሰበ ተፈሪ፣ ሒርና። መስኮት ይከፈት የሚል ተማሪ «ንፋስ ይመታኛል» በሚሉ ተሳፋሪዎች የድምፅ ብልጫ ይሸነፋል፤ ይግባኝ የለውም።

ጉዞው በታኅሣሥ ወይም በሐምሌ 19 ዋዜማ የዋለ እንደሆነ፣ መንገዱም ወንበሩም የቁልቢ ገብርኤል ተሳላሚ ነውና ተማሪውም ስለት እንዳለበት ይቆጠራል። የሌለበት ካለ ለመጀመሪያው ሴሚስተር ፈተና ይሳል።

አንቀጽ 3፦ ስለ ባቡር

ይህ አዋጅ ባቡሩን ይወዳል። በ2010 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር ከፉሪ ለቡ ተነስቶ ድሬዳዋ ሲገባ ተሳቢ አይጋርደውም፤ በመስኮትም አያጣላም። የሚነሳበትን ቀን ያላጣራ ግን ጣቢያው በር ላይ ከነፍራሹ ያድራል።

ችግሩ ባቡሩ ተማሪውን ከከተማ ዳር ተቀብሎ ከከተማ ዳር ማራገፉ ነው። ለቡ ለመድረስ ታክሲ፣ ከድሬዳዋ ጣቢያ ከተማ ለመግባት ባጃጅ፣ ከዚያ ሐረር ሐረር በሚለው ሚኒባስ ደንገጎን መውጣት፣ ሐረማያ ከተማ ወርዶ እንደገና ባጃጅ። የሻንጣው እጀታ በዚህ መካከል የት እንደሚቀር አዋጁ ኃላፊነት አይወስድም።

ጥፋቱ የዛሬ አይደለም። በአፄ ምኒልክ ዘመን ከጅቡቲ የመጣው ሐዲድ የታሰበው ለሐረር ነበር፤ ተራራው ወጪ ስለሚያበዛ ግን በቆላው እንዲያልፍ ተደረገ፤ ድሬዳዋም በዚያው ሳቢያ ተቆረቆረች። አዲሱ ባቡርም ተራራውን አልደፈረም። ለዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ መነሻ የሆነው ኮሌጅ ደግሞ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ለእርሻ ትምህርት ሲመሠረት ደጋው ላይ ተተከለ። እንግዲህ ሐዲዱ ከታች፣ ትምህርቱ ከላይ ሆነ፤ በመካከል ያለው ወደ 40 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ የማንም መሥሪያ ቤት ስላልሆነ ለተማሪው ተሰጥቷል። ባለ ገንዘብ ኩባንያ የሸሸውን ዳገት የ18 ዓመት ልጅ ብርድ ልብስ አቅፎ እንዲወጣው መደረጉ ለትውልዱ የተሰጠ አመኔታ ተደርጎ ይወሰድ። በድሬዳዋ ሙቀት ተታሎ ሹራቡን ከሻንጣው ሥር የቀበረም፣ ሐረማያ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ መሆኑን ሲመሽ ይረዳዋል።

አንቀጽ 4፦ ስለ አውሮፕላን

ድሬዳዋ ድረስ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ይህ አንቀጽ የሚመለከተው ሰው መኪናም አለው።

አንቀጽ 5፦ የተከለከለ ጭነት

በሐረማያ አካባቢ በሰዓቱ የሚደርስ ጭነት ጫት ብቻ መሆኑ ቢታወቅም፣ ከአወዳይ ጫት ጭኖ በሚወጣ አይሱዙ መሳፈር ፈጽሞ ክልክል ነው። ሹፌሩ የሚሽቀዳደመው ቅጠሉ ሳይጠወልግ ለመድረስ ነው፤ ተማሪ ግን አይጠወልግም ተብሎ ይገመታል።

አንቀጽ 6፦ ስለ ጥሪ ቀን

ነጋሪት ያስጎሰመን ይህ ነው። ምዝገባው ሁለት ቀን ብቻ ነው ሲባል ልጁ ሁሉ በአንድ ሌሊት መናኸሪያ ይወርዳል። ታሪፉ ግድግዳ ላይ እንደተለጠፈ ይቆያል፤ ዋጋው ግን ከደላላ አፍ ይወጣል። ለሴሚስተሩ ተብሎ የተቋጠረው የኪስ ገንዘብ እኩሌታው ትምህርት ሳይጀመር መንገድ ላይ ይቀራል፤ ያረፈደውም በቅጣት ይመዘገባል።

ስለዚህ በየዩኒቨርሲቲው ያላችሁ ሬጅስትራሮች ሆይ፣ የጥሪውን ቀን ልጆቹ በሚመጡበት አካባቢ ከፋፍሉት፤ ባቡር ባለበት አገር ቀኑን ባቡሩ ከሚነሳበት ቀን ጋር አገናኙት። በማስታወቂያው ላይ ከአንሶላው ቀጥሎ መንገዱንም ጻፉት። በምዝገባው ሰሞን ከጣቢያ እስከ ግቢው በር የሚመላለስ አንድ አውቶቡስ መድቡ፤ ግቢ ውስጥ ቆሞ ጎማው ከሚረግብ ይሻላል።

አንቀጽ 7፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ከታወጀበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል። ከድሬዳዋ የሚወጣው ሚኒባስ ግን ሲሞላ ይነሳል።